ከባልና ሚስት ማን ዋና አመልካች ይሁን? ቤተሰብ ይዞ ወደ ካናዳ ለመሄድ መንገድ መምረጥና የሥራ ልምድን በወረቀት ማሳየት

ካናዳ በኤክስፕረስ ኢንትሪ (ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድራ ቋሚ ነዋሪ በምታደርግበት አሠራር) የምትቀበለው ቤተሰብ አንድ ዋና አመልካች አለው። ባል ወይም ሚስት እንዲሁም ልጆች በዚያ ሰው ፋይል ሥር ይገባሉ። ነጥቡ በአብዛኛው የሚቆጠረው ከዋናው አመልካች ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ቋንቋና የሥራ ልምድ ነው። እኛ አገር ልማዱ የባልየውን ስም ማስቀደም ነው፤ ደመወዙ ከፍ ይላል፣ ማስተርስ አለው፣ ወረቀቱንም የሚያሯሩጠው እሱ ነው። ብዙ ፋይል ገና ሲከፈት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለፈተናም ሆነ ለትምህርት ማስረጃ ግምገማ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ የሁለታችሁንም ነጥብ ቁጠሩ።

መንገዶቹ በአጭሩ

ቤተሰብ ላለው ሰው አራት መንገዶች ይታሰባሉ።

የመጀመሪያው ኤክስፕረስ ኢንትሪ ነው። ከአገር ቤት ሆኖ ለሚያመለክት ሰው የሚሆነው ክፍል የፌዴራል ባለሙያ ሠራተኞች ፕሮግራም ይባላል። ከተሳካ መላው ቤተሰብ ገና ሲገባ ቋሚ ነዋሪ ነው፤ ልጆች ይማራሉ፣ ባልም ሚስትም ለፈለጉት አሠሪ ይሠራሉ።

ሁለተኛው የክፍለ ግዛት ጥቆማ ነው። አንድ ክፍለ ግዛት ሙያችሁን ፈልጎ ከጠቆማችሁ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ላይ 600 ነጥብ ይጨመርላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ነጥብ አያሳስብም። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ግን በዚያ የሚኖር ዘመድ፣ የሥራ ቅጥር ወይም የሚፈለግ ሙያ ይጠይቃሉ።

ሦስተኛው በተማሪ ቪዛ ገብቶ እዚያው ሥራ መፈለግ ነው። ለቤተሰብ ይህ መንገድ ጠቧል። ከጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ጀምሮ የተማሪው ባል ወይም ሚስት ክፍት የሥራ ፈቃድ የሚያገኙት ተማሪው ቢያንስ 16 ወር በሚፈጅ ማስተርስ፣ በዶክትሬት ወይም በተመረጡ የሙያ ትምህርቶች ከተመዘገበ ብቻ ነው። «ለአንድ ዓመት ዲፕሎማ አስመዝግበን ሚስትህ እንድትሠራ እናደርጋለን» የሚል ደላላ ያለፈበትን ወሬ እየሸጠ ነው።

አራተኛው በአሠሪ በኩል ነው። እውነተኛ ቅጥር ያገኘ ሰው ይሂድበት። ነገር ግን የሥራ ቅጥር ደብዳቤ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ላይ ይሰጥ የነበረው 50 ወይም 200 ነጥብ ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ ለነጥብ ብሎ ደብዳቤ የሚገዛ ሰው ገንዘቡንም ስሙንም ያጣል። በሐሰተኛ ሰነድ የተያዘ አመልካች ለ5 ዓመት ወደ ካናዳ እንዳይገባ ይታገዳል።



ከዚህ በታች የሚነገረው በአብዛኛው ስለ መጀመሪያው መንገድ ነው፤ ለሁለተኛውም የሚያስፈልገው ወረቀት ከሞላ ጎደል ያው ነው።

በሩ 67፣ ወረፋው ሲአርኤስ

ሁለት የነጥብ ሚዛኖች አሉ፤ ሰዎች ይቀላቅሏቸዋል። አንደኛው ከ100 የሚታሰብ ሲሆን ማለፊያው 67 ነው። በሩን ብቻ ይከፍታል። ቋንቋ እስከ 28፣ ትምህርት እስከ 25፣ የሥራ ልምድ እስከ 15፣ ዕድሜ እስከ 12 ይይዛል፤ ቀሪው ቅጥርና የመላመድ ነጥብ ነው። የሥራ ልምድ ለ1 ዓመት 9፣ ለ2 እና ለ3 ዓመት 11፣ ለ4 እና ለ5 ዓመት 13፣ ለ6 ዓመትና ከዚያ በላይ 15 ያስገኛል። ቋንቋው ዝቅ ቢል በካናዳ መለኪያ ደረጃ 7 መሆን አለበት፤ አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ጄኔራል በተባለው ዓይነት፣ ይህ ማለት በአራቱም ክፍል 6.0 ነው። አካዳሚክ የተባለው አይልትስ ለዚህ አያገለግልም፤ በስህተት የሚፈተን ሰው አሁንም አለ።

ሁለተኛው ሲአርኤስ የሚባለው ከ1,200 የሚታሰበው ነው። ገንዳ ውስጥ፣ ማለትም በሩን አልፈው ጥሪ ከሚጠብቁ አመልካቾች መካከል፣ ያላችሁን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው። እዚህ ላይ ከካናዳ ውጭ የተገኘ የሥራ ልምድ ለብቻው ነጥብ የለውም። ነጥብ የሚያመጣው ከቋንቋ ጋር ሲጣመር ነው። የ3 ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ፣ ቋንቋችሁ በአራቱም ክፍል ደረጃ 9 ከሆነ 50 ይሰጣል፤ ደረጃ 7 ወይም 8 ከሆነ 25 ብቻ። የ15 ዓመት ልምድ ያለውም የ3 ዓመት ያለውም እዚህ እኩል ናቸው። ዕድሜ ግን ይበላል፤ ከባለቤቱ ጋር ለሚያመለክት ሰው ከ20 እስከ 29 ዓመት 100 ነጥብ፣ በ35 ዓመት 70፣ በ40 ዓመት 45፣ በ45 ዓመት ዜሮ። «ልምዴ ይብዛ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከ30 ዓመት ወዲያ በየልደቱ 5፣ ከ40 ወዲያ ደግሞ 10 ነጥብ እየከፈለ ነው የሚጠብቀው።

አንድ ቤተሰብ በቁጥር

ባል 38 ዓመቱ ነው፤ ማስተርስ አለው፣ 10 ዓመት በሒሳብ ሙያ ሠርቷል፣ እንግሊዝኛው በአራቱም ደረጃ 8። ሚስት 31 ዓመቷ ነው፤ በነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪና የ5 ዓመት ልምድ አላት፣ እንግሊዝኛዋ በአራቱም ደረጃ 9። ሁለቱም የ67ቱን በር ያልፋሉ፤ እሱ 72፣ እሷ 75 አላት።

ባል ዋና አመልካች ሲሆን፦ ዕድሜ 55፣ ትምህርት 126፣ ቋንቋ 88፣ ትምህርትና ልምድ ከቋንቋ ጋር ተጣምረው 50፣ ከሚስት ትምህርትና ቋንቋ 28። ድምር 347።

ሚስት ዋና አመልካች ስትሆን፦ ዕድሜ 90፣ ትምህርት 112፣ ቋንቋ 116፣ ጥምሩ 75፣ ከባል ትምህርትና ቋንቋ 22። ድምር 415።

የ68 ነጥብ ልዩነት የመጣው በግማሽ ሰዓት ስሌት ነው፤ አንድም ተጨማሪ ወረቀት አላስፈለገውም። ማስተርሱ የሚጨምረው 14 ነጥብ ብቻ ሲሆን የሰባት ዓመት የዕድሜ ልዩነት 35 ነጥብ ይወስዳል።

አሁን ደግሞ ይህችው ሚስት ማዳመጥ ላይ 8.0 ሳይሆን 7.5 አመጣች እንበል። ደረጃ 9 የሚባለው በማዳመጥ 8.0፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር 7.0 ነው። ያቺ ግማሽ ነጥብ ከቋንቋው 7፣ ከጥምሩ ደግሞ 37 ትቀንሳለች፤ ጥምሩ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈለው አራቱም ክፍሎች 9 ሲደርሱ ስለሆነ። 415 የነበረው 371 ይሆናል። ፈተናውን ዳግም መውሰድ ከማንኛውም ሌላ ወጪ በፊት የሚመጣው ለዚህ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው።

ስንት ነጥብ ይበቃል?

ካናዳ በየጊዜው ከገንዳው ነጥባቸው ከፍ ያለውን «አመልክቱ» ብላ ትጠራለች። መራራው ነገር እዚህ አለ። ሁሉንም ፕሮግራም ያካተተ አጠቃላይ ጥሪ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በኤፕሪል 2024 ሲሆን 2025 ዓመቱን ሙሉ አንድም አልነበረም። የተጠሩት ክፍለ ግዛት የጠቆማቸው፣ ካናዳ ውስጥ ልምድ ያላቸው፣ ፈረንሳይኛ የሚችሉና በተመረጡ ሙያዎች የሠሩ ናቸው፤ ጤና፣ ትምህርትና የእጅ ሙያ ይገኙባቸዋል። ስለዚህ 67 ማለፍ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ መግባት አለባችሁ።

ከላይ ያለችው ነርስ በሙያዋ የጤናው ክፍል ውስጥ ትገባለች። በ2025 የጤና ጥሪዎች መቁረጫ ግን ከ460ዎቹ እስከ 510 ነበር፤ የእሷ 415 አይደርስም። ከፊቷ ያሉት አማራጮች እነዚህ ናቸው። እንግሊዝኛዋን ወደ ደረጃ 10 ብታሳድግ 12 ነጥብ ታገኛለች። የእሷ ወይም የባሏ ወንድም ወይም እህት ካናዳ በቋሚ ነዋሪነት ወይም በዜግነት ካለ 15 ይጨመራል። ፈረንሳይኛ በአራቱም ክፍል ደረጃ 7 ብታመጣ 50 ነጥብ በጉርሻ፣ 12 ነጥብ ደግሞ በሁለተኛ ቋንቋ ትቀበላለች፤ 477 ይሆናል። ከዚያም በላይ በፈረንሳይኛ ጥሪ ትገባለች፤ በማርች 2025 የፈረንሳይኛ ጥሪ እስከ 379 ወርዶ ነበር።

ፈረንሳይኛ ከዜሮ ተነሥቶ ደረጃ 7 ለመድረስ ለአብዛኛው ሰው ከዓመት በላይ ይፈጃል። አዲስ አበባ ውስጥ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴ ያስተምራል። የሚፈለገው ፈተና ቴፍ ካናዳ ወይም ቴሴኤፍ ካናዳ ነው፤ ሌላ የፈረንሳይኛ ዲፕሎማ ለዚህ አይቆጠርም። በእኛ ግምት፣ ዕድሜያቸው ከ35 በታች ለሆነና ጤና ወይም ትምህርት ሙያ ላይ ላልሆኑ ባልና ሚስት፣ ለሁለተኛ ማስተርስ ከሚወጣ ገንዘብ ለፈረንሳይኛ የሚወጣው የተሻለ ነው።

ልምዳችሁ ይቆጠራል ወይ?

ካናዳ ሥራን ሁሉ ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ኖክ ይባላል። ሁለተኛው አኃዝ የሥራውን ደረጃ ያሳያል፤ ይህም ቲር ነው። ለፌዴራል ባለሙያ ሠራተኞች ፕሮግራም የሚቆጠሩት ቲር 0፣ 1፣ 2 እና 3 ብቻ ናቸው። ሒሳብ ባለሙያና ኦዲተር 11100፣ ነርስ 31301፣ ሲቪል መሐንዲስ 21300፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር 41220፣ የከባድ መኪና ሹፌር 73300፤ እነዚህ ሁሉ ያልፋሉ።

የባንክ ሠራተኞች እዚህ ላይ ቆም በሉ። በባንኮቻችን የደንበኞች አገልግሎት ኦፊሰር የሚባለው፣ መስኮት ላይ ተቀምጦ ገንዘብ የሚቀበልና የሚከፍል ሰው፣ በካናዳ አመዳደብ 64400 ነው። ሁለተኛው አኃዝ 4 ስለሆነ ዲግሪ ቢኖረውም፣ 8 ዓመት ቢሠራም አይቆጠርለትም። የብድር ኦፊሰር ግን 63102 ውስጥ ይገባል፤ ይቆጠራል። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ 10021 ነው። ስለዚህ ከመስኮት ወደ ብድር ክፍል የተዛወረ ሰው የሚቆጥረው ከዝውውሩ ቀን ጀምሮ ያለውን ነው፤ የልምድ ደብዳቤውም ሁለቱን የሥራ መደቦች በየራሳቸው ቀን ለይቶ መጻፍ አለበት። ባንኩ «ከ2008 እስከ 2016 በባንካችን አገልግለዋል» ብሎ ሁሉንም ጠቅልሎ ከጻፈ ፋይላችሁን የሚያየው የካናዳ ኢሚግሬሽን መኮንን የትኛው ዓመት የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ ባላወቀው ላይ ደግሞ አይፈርድላችሁም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኛነት ወይም በሕፃን ጠባቂነት የተሠራ ሥራም ቲር 4 ላይ ነው፤ በዚህ ፕሮግራም አይቆጠርም። እዚያው በነርስነት፣ በምህንድስና ወይም በሒሳብ የሠራ ሰው ልምድ ግን ከአገር ቤቱ እኩል ይቆጠራል። ችግሩ ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) ነው፤ ሥራው ሒሳብ ሆኖ ኢቃማው ላይ «ሠራተኛ» ወይም «ሹፌር» ተብሎ የተጻፈበት ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ከሆነ የሥራ ውሉን፣ በባንክ የገባ ደመወዝን፣ የድርጅቱን ደብዳቤና ልዩነቱ ከምን እንደመጣ የሚያስረዳ አጭር ማብራሪያ አብራችሁ አያይዙ። መኮንኑ ራሱ ካገኘው ጥርጣሬ ይሆናል፤ እናንተ ቀድማችሁ ከነገራችሁት ማብራሪያ ነው።

የቀረው ሕግ ይህ ነው፦

- በአንድ ኖክ ቢያንስ 1 ዓመት ሳይቋረጥ የተሠራ ሥራ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ መሆን አለበት። 1 ዓመት ማለት 1,560 ሰዓት ነው፤ በሳምንት 30 ሰዓት። በሳምንት 48 ወይም 60 ሰዓት መሥራት ጊዜውን አያሳጥረውም። በሳምንት 15 ሰዓት ከሆነ 24 ወር ይፈጃል።
- የተከፈለበት ሥራ ብቻ። በጎ ፈቃድና ያልተከፈለበት አፓረንትሽፕ አይገባም።
- በግል የሠራ ሰውም ይቆጠርለታል። ንግድ ፈቃድ፣ በየዓመቱ ለገቢዎች የተከፈለ ግብር፣ ከደንበኞች ጋር የተደረገ ውልና በባንክ የገባ ክፍያ ያቅርብ። ራሱ ለራሱ የጻፈው የሥራ ዝርዝር ብቻውን አይበቃም።

ኖክ የምትመርጡት በማዕረግ ስም አይደለም። በካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ የእያንዳንዱን ኖክ መግቢያ ዓረፍተ ነገርና ዋና ዋና ተግባራት አንብቡ፤ መግቢያውን የሚያሟላና ከተግባራቱ አብዛኛውን የምትሠሩት የትኛው ነው? «ኤክስፐርት»፣ «ኦፊሰር»፣ «አስተባባሪ» የሚሉት የእኛ አገር መጠሪያዎች እዚያ ምንም አይናገሩም።

የልምድ ደብዳቤው

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ወይም ውሉ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስለዚህ «ካልለቀቅህ ልምድ አንሰጥም» የሚል የሰው ኃይል ክፍል ሕጉን እየጣሰ ነው። አዋጁ የሚያስገድደው ግን እነዚህን ሦስት ነገሮች ነው፤ ካናዳ የምትጠይቀው ይበልጣል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ በአራት መስመር የሚሰጠው የተለመደው ደብዳቤ የማያልፈው ለዚህ ነው።

ደብዳቤው ላይ መኖር ያለበት፦

- የድርጅቱ አርማ፣ አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይል የታተመበት ወረቀት፤
- ሙሉ ስም፣ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፤
- እያንዳንዱ የሥራ መደብ፣ ከነመጀመሪያና መጨረሻ ቀኑ፤ አሁንም በሥራ ላይ ያለ ከሆነ «እስካሁን በሥራ ላይ ይገኛል»፤
- በሳምንት የሚሠራው ሰዓት፤ ብዙ ደብዳቤ የሚጎድለው ይህ ነው፤
- ደመወዝ፣ በዓመት ተሰልቶ፣ ከነአበሉ፤
- ለእያንዳንዱ መደብ ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ዋና ተግባራት፤
- የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነት፣ ፊርማና የድርጅቱ ማኅተም።

ተግባራቱን ከካናዳ ድረ ገጽ ቃል በቃል ገልብጣችሁ አትስጡ። መኮንኑ ያንን ጽሑፍ በቃሉ ያውቀዋል። የሆስፒታሉ ዋርድ ስንት አልጋ እንዳለው፣ የትኛውን የሒሳብ ሶፍትዌር እንደምትጠቀሙ፣ ሪፖርት ለማን እንደምታቀርቡ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ከአሥር ግልባጭ ይበልጣል።

ድርጅቱ ዝርዝሩን አልጽፍም ካለ የተለመደውን ደብዳቤ ተቀበሉ። ከእሱ ጋር የቅጥር ውሉን፣ የሥራ መዘርዝሩን፣ የደመወዝ ስሊፕና የባንክ ስቴትመንት አያይዙ፤ የቅርብ አለቃችሁ ተግባራቱን ዘርዝሮ የፈረመበትን ደብዳቤም ጨምሩ። ድርጅቱ ከተዘጋ ደግሞ የጡረታ መዋጮ መዝገብ ጥሩ ምስክር ነው፤ ማን አሠሪያችሁ እንደነበርና ከመቼ እስከ መቼ እንደተከፈለላችሁ ያሳያል። በአማርኛ የተጻፈ ሁሉ በሕጋዊ ተርጓሚ ይተርጎም፤ ትርጉሙ ከዋናው ኮፒ ጋር አብሮ ይግባ።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ

በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ደብዳቤ ሲተረጎም በየዓመቱ ላይ 7 ብቻ የሚደምር ሰው አለ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ግን የፈረንጆቹ ዓመት ስለሚቀየር 8 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ በሚመጣው ዓመት ለውጡ አንድ ቀን ቀድሞ በታኅሣሥ 22 ይሆናል። ምሳሌ፦ «ከጥር 1 ቀን 2012 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2014» የሚል ልምድ በትክክል ሲቀየር ከጃንዋሪ 10 ቀን 2020 እስከ ጃንዋሪ 8 ቀን 2022 ነው። ሰባት ደምሮ ከ2019 እስከ 2021 ብሎ የሞላ ሰው ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር በአንድ ዓመት ይጋጫል። የምትሞሉት ፎርም የ10 ዓመት ታሪክ ከወር እስከ ወር ስለሚጠይቅ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይሳሳታል። ሥራ ያልነበራችሁበትን ወርም «ሥራ ፈላጊ» ብላችሁ ሙሉ፤ ክፍተት አትተዉ።

የትምህርት ማስረጃና ስም

የውጭ ዲግሪ የሚቆጠረው በታወቀ ገምጋሚ ከተገመገመ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ዌስ የሚባለውን ነው። ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች የየራሳቸው የሙያ ገምጋሚ አላቸው፤ ዌስ ላይ ከፍለው የሚመለሱ አሉ። ግምገማው 5 ዓመት ያገለግላል። ለሁለታችሁም አሠሩ፤ የባለቤት ዲግሪ ካልተገመገመ ያ 8 ወይም 10 ነጥብ ዜሮ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ኮስት ሼሪንጉን ሳይከፍሉ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣላቸውም። ትራንስክሪፕቱን ወደ ገምጋሚው የሚልከው ሬጅስትራሩ ራሱ ነው፤ በእጃችሁ ይዛችሁት ያለው ኮፒ አይበቃም። ክልል ላይ የተማረ ሰው ለዚህ ብቻ ሁለትና ሦስት ወር ይመድብ።

ስም የእኛ ልዩ ራስ ምታት ነው። ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ ልጆች የአባታቸውን ስም ይዘው ከእናታቸው ጋር በስም አይገናኙም። ይህ ለካናዳ መኮንን እንግዳ አይደለም፤ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ካለ ይበቃል። እንግዳ የሚሆነው ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሲኖር፣ ወይም አንዱ የአያት ስም ይዞ ሌላው ሲተወው ነው። ፓስፖርቱን መሠረት አድርጉ። የሌላውን ልዩነት ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን በሚገልጽ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ በተረጋገጠ ቃል ዝጉት። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻም በወሳኝ ኩነት ይመዝገብ።

ልጆች

ልጅ የሚባለው ዕድሜው ከ22 በታች የሆነና ያላገባ ነው። ዕድሜው የሚቆለፈው የተሟላ ማመልከቻ በገባበት ቀን ነው፤ መገለጫችሁ (መጀመሪያ የምትሞሉት የኤክስፕረስ ኢንትሪ ፕሮፋይል) ገንዳ ውስጥ በገባበት ቀን አይደለም። የ21 ዓመት ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች ሁሉንም ወረቀት ከጥሪው በፊት አዘጋጁ።

እያንዳንዱን ልጅ አስመዝግቡ፤ አብሮ የማይሄደውንም፣ ከሌላ ሰው የተወለደውንም፣ ባለቤታችሁ የማታውቀውንም። ያልተመዘገበና የጤና ምርመራ ያላደረገ ልጅ በኋላ በቤተሰብ ጥሪ እንዳይመጣ ሕጉ ይዘጋበታል። ሰዎች «ኋላ እንወስደዋለን» ብለው የሚደብቁት ልጅ ብዙውን ጊዜ ኋላም አይሄድም። ከሌላ ወላጅ የተወለደ ልጅ የሚሄድ ከሆነ የቀሪው ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ያሳደጋችሁት የእህት ወይም የወንድም ልጅ፣ በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ ከሌለ፣ ለካናዳ ልጃችሁ አይደለም። ይህ ለብዙ ቤት ከባድ ነው፤ ማመልከቻው ከተጀመረ በኋላ ከማወቅ ግን አሁን ማወቅ ይሻላል።

ገንዘብ

ከጁላይ 2025 ጀምሮ ማሳየት ያለባችሁ ለ3 ሰው 23,360፣ ለ4 ሰው 28,362፣ ለ5 ሰው 32,168 የካናዳ ዶላር ነው፤ በየዓመቱ ይከለሳል። አብሯችሁ የማይሄድ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅም ይቆጠራል። የባንኩ ደብዳቤ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የተከፈተበትን ቀን፣ የአሁኑን ቀሪ፣ ያለፉትን 6 ወራት አማካይ ቀሪና ዕዳ ካለ ዕዳውን መናገር አለበት። ቤትና መሬት ራሳቸው አይቆጠሩም፤ የተበደሩት ገንዘብም አይሆንም።

የዕቁብ ዕጣ ወጥቶ በአንድ ቀን የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥያቄ ያስነሣል። የዕቁቡን ውልና የከፈላችሁበትን መዝገብ አያይዙ። መኪና ሸጣችሁ ከሆነ የሽያጭ ውሉን፣ ወላጅ ከሰጣችሁ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ የስጦታ ውል። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ምንዛሪ ስለሚወሰን፣ ሒሳባችሁ በብር ከሆነ ከዝቅተኛው መጠን ቢያንስ አንድ አራተኛ ያህል አስበልጣችሁ ያዙ። ገንዘቡ ማመልከቻው ሲገባም ቪዛው ሲሰጥም እዚያው መኖር አለበት።

በኤፕሪል 30 ቀን 2024 በወጣው ታሪፍ ለአንድ አዋቂ 950 ለማመልከቻና 575 ለቋሚ ነዋሪነት መብት፣ ለአንድ ልጅ 260፣ ለቤተሰብ አሻራ ቢበዛ 170 ዶላር ይከፈላል። ሁለት ልጅ ላላቸው ባልና ሚስት 3,740 ዶላር ነው። ታሪፉ በየሁለት ዓመቱ ስለሚለወጥ የዕለቱን ዋጋ አይታችሁ ክፈሉ። አማካሪ የምትቀጥሩ ከሆነ በገንዘብ ሊወክላችሁ የሚችለው የካናዳ ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው ፓራሊጋል፣ የኩቤክ ኖታሪ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ አማካሪ ከሆነ ስሙን በኮሌጁ መዝገብ ላይ ፈልጉ።

ጥሪው ከመጣ በኋላ

መገለጫው ገንዳ ውስጥ 12 ወር ይቆያል። ጥሪ ከመጣ የሚሰጣችሁ 60 ቀን ነው፤ አይራዘምም። የልምድ ደብዳቤ ለመለመን 60 ቀን አይበቃም። ስለዚህ ደብዳቤዎች፣ ትርጉሞች፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች መገለጫው ከመግባቱ በፊት በእጅ ይሁኑ።

ለ60ው ቀን የሚቀሩት ሦስት ናቸው። ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ ከ18 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ለተከታታይ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከኖረበት አገር ሁሉ ይጠየቃል። ሳዑዲ ወይም ኤምሬትስ የሠራ ሰው ከዚያ ለቆ ከወጣ በኋላ ማውጣቱ ወራት ሊፈጅበት ስለሚችል ይህንኛውን ቀድሞ ይጀምር። የጤና ምርመራ ከኦገስት 21 ቀን 2025 ጀምሮ ማመልከቻው ሲገባ አብሮ መቅረብ አለበት፤ የሚሠራው በካናዳ በተፈቀደለት ሐኪም ብቻ ሲሆን የማይሄዱትም የቤተሰብ አባላት ይመረመራሉ። ሦስተኛው የባንክ ደብዳቤው ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት አውጡት።

በመካከሉ ልጅ ከተወለደ፣ ሥራ ከተለወጠ ወይም ፓስፖርት ከታደሰ ወዲያው አሳውቁ። ቪዛው ወጥቶ ትኬት ስትቆርጡ ደግሞ ዋና አመልካቿ ሚስት ከሆነች፣ ባልና ልጆች ከእሷ ቀድመው መግባት አይችሉም። ወይ አብራችሁ ብረሩ፣ ወይ እሷ ትቅደም።